ሁለት ልጅ፣ አንድ ጋሪ

በነሐሴ መጨረሻ ልጄ ደወለችና «እማ፣ ሁለት ፎቶ ልኬልሻለሁ፤ የቱን ልግዛ?» አለችኝ። ስከፍተው ሁለቱም የሕፃን ጋሪ ናቸው፤ እነሱ «ስትሮለር» የሚሉት። ሁለቱም ባለ ሁለት መቀመጫ። የአንደኛው መቀመጫዎች ጎን ለጎን፣ የሌላኛው ፊትና ኋላ ናቸው። ያገለገሉ ናቸው ብላኛለች፤ ዋጋቸውን ስትነግረኝ ግን «አዲስ ነው እንዴ?» ማለቴ አልቀረም።

ልጄ የሁለት ልጆች እናት ናት። ትልቁ ያኔ 2 ዓመት ከ4 ወሩ፣ ትንሿ ገና 5 ወሯ ነበር። የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። መስከረም ሲጋመስ ደግሞ ኩታበር ሄደን እናቴን ልንጠይቅ ተነጋግረናል። እናቴ ትንሿን ገና አላየቻትም።

«የቱንም አትግዢ» አልኳት። «ትንሿን እዘያት፣ ትልቁን እጁን ያዢው። እኛ እንዲያ ነው ያደግነው።»

ትንሽ ዝም አለችና «እማ፣ ለእማማ እኮ አንቺ ነበርሽላት። ለእኔ ማን አለኝ?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። በማግስቱ የልብስ ሰፊ ሜትሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ቤቷ ሄድኩ።

መጀመሪያ የለካሁት ጋሪውን ሳይሆን ቤቱን ነው። ጎን ለጎን የሚያስቀምጡት ጋሪዎች ብዙዎቹ ወርዳቸው 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በተለመደው የቤት በር ያልፋሉ፤ በጠባብ የሱቅ በር ግን ይጋጫሉ። ፊትና ኋላ የሆኑት ከአንድ ልጅ ጋሪ ብዙም አይሰፉም፤ ግን ረጅም ናቸው። መታጠፊያ ላይ ያስቸግራሉ፤ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ለማውጣትም እጀታውን ወደ ታች ሲጫኑት ይከብዳል። ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያየው መንገዱን ሳይሆን የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ነው፤ ስለዚህ በእግሩ ይደበድበዋል።

ቀጥዬ ክብደቱን ደመርኩ። ጋሪው 13 ኪሎ፣ ትልቁ ልጅ 12፣ ትንሿ 7፤ ድምሩ 32 ኪሎ ነው። ይህን ሜዳ ላይ መግፋት ቀላል ነው። ልጆቹ እንደተቀመጡ በደረጃ ማውጣት ግን አይቻልም፤ መሞከርም የለበትም። ስለዚህ «ጋሪው የት ነው የሚያድረው?» የሚለው ጥያቄ ከቀለሙ በፊት ይመጣል። እነልጄ ምድር ላይ ከሚኖረው ጎረቤት ጋር ተነጋግረው ደረጃው ሥር በሰንሰለት ሊያስሩት ተስማሙ።

ሦስተኛው የትንሿ ዕድሜ ነው። ሕፃን ራሱን ችሎ መቀመጥ እስኪጀምር፣ ማለትም እስከ 6 ወር ገደማ፣ ወንበሩ እንደ አልጋ ተዘርግቶ የሚተኛ መሆን አለበት። ቀጥ ባለ ወንበር ላይ አንገቱ ወደ ፊት ይወድቅና ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ከሁለቱ ጋሪዎች ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ ወንበር ያለው ጎን ለጎኑ ብቻ ነበር።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ደግሞ እጁን እየሰደደ ይፈትሽ። ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ ይይዛል? ተዘርግቶ ሲቆም ቁልፉ ድምፅ አሰምቶ ይገጥማል? ቀበቶው ትከሻን፣ ወገብንና የእግር መሃልን የሚይዝ ባለ 5 ነጥብ ነው? ማጠፊያው ላይ የልጅ ጣት የሚገባበት ክፍተት አለ? የመጨረሻው ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ኦወን ማክላረን የሚባል እንግሊዛዊ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። ልጁ ከውጭ አገር መጥታ ከባዱን ጋሪ ይዛ ስትቸገር አይቶ፣ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍና 3 ኪሎ እንኳ የማይሞላ ጋሪ እ.ኤ.አ. በ1965 ሠራ። ዛሬ የምናየው ታጣፊ ጋሪ ሁሉ የዚህ አያት ዕዳ አለበት። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ በእሱ ስም የተሸጡ 1 ሚሊዮን ያህል ጋሪዎች፣ ማጠፊያቸው የልጆችን ጣት በመቁረጡ ለማጠፊያው መሸፈኛ እንዲገጠምላቸው ጥሪ ተደርጓል። ጋሪ ሲታጠፍም ሲዘረጋም ልጅ አጠገቡ አይቁም።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላም ሐሳቤ አልተለወጠም። «ቀላል የአንድ ልጅ ጋሪ ግዙ፤ ትልቁ ይቀመጥበት፤ ትንሿን በአንቀልባ ያዝሏታል» አልኩ። አንቀልባችን የሚናቅ አይደለም። የሕፃኗ እግሮች ግራና ቀኝ ተከፍተው የእናት ጀርባ ላይ ማረፋቸው ለዳሌዋ ይበጃል። ከፈረንጆቹም መካከል ማዘልን ከአፍሪካ የተማሩ አሉ። አን ሙር የተባለች አሜሪካዊት ነርስ በሰላም ጓድ ሠራተኝነት ቶጎ ሄዳ፣ እናቶች ልጆቻቸውን በጨርቅ አዝለው ሲውሉ አየች። አገሯ ገብታ ስትወልድ እናቷ ያንኑ የሚመስል ማዘያ ሰፋችላት፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የባለቤትነት መብት አወጣችበትና አሜሪካ ገበያ ገባ።

ይህን ሁሉ ስናገር ዝም ብሎ ሲያዳምጥ የነበረው አማቼ ነው። በመጨረሻ አቀርቅሮ፣ «እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ እኔ አዝዬ ሰፈር ውስጥ መሄድ አይሆንልኝም። መግፋት ግን እችላለሁ» አለ።

ጎን ለጎኑ ተገዛ።

ወደ ኩታበር ስንጓዝ ጋሪው ታጥፎ ከአውቶቡሱ ሆድ ገባ። ደሴ አደርን፤ በማግስቱ በሚኒባስ ቦሩ ሜዳን አልፈን ኩታበር ደረስን። ዋናው መንገድ ላይ ሲዘረጋ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ከበቡት። አማቼ ደረቱን ነፍቶ ገፋው፤ ትልቁ ልጅ እንደ ሹም ግራና ቀኙን እያየ፣ ትንሿ ተኝታ። ፀሐዩ ሲበረታ ልጄ ነጠላዋን ልትከድንባቸው ስትል ከለከልኳት። ጋሪ ተከድኖ ፀሐይ ላይ ከቆመ ውስጡ ይታፈናል፤ ጥላውን ብቻ መሳብ ይሻላል።

ወደ እናቴ ቤት የሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ግን የጋሪው ነገር አበቃ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ ድንጋዩ ወጥቷል፣ ጭቃው አልደረቀም። የፊት ጎማዎቹ ትንንሽና ጠንካራ ፕላስቲክ ስለሆኑ ጠጠር ሲያገኛቸው ይቆማሉ። ለእንዲህ ያለ መንገድ ትልልቅና ነፋስ የሚሞላ ጎማ ነው የሚያዋጣው፤ ይህን ቀድሜ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። አማቼ እያነሳ እያስቀመጠ ጥቂት እንደሄደ ስልኩ ጮኸ። እጀታውን ለቀቀ። ፍሬኑን አልረገጠም።

ጋሪው ወደ ኋላው ሁለት እርምጃ ያህል ተንሸራተተ። ከኋላ ስለነበርኩ በሁለት እጄና በሆዴ ገታሁት። 32 ኪሎ ሜዳ ላይና ቁልቁለት ላይ አንድ አለመሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ። ማንም አልተናገረም። አማቼ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ወዲህ እጀታው ላይ ጠንካራ ጥብጣብ አስሮ አንጓው ላይ ሳይጠመጥም አይገፋም፤ ለቆመባትም ቅጽበት ፍሬን ይረግጣል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ከባድ ቦርሳ ወይም ዘንቢልም እጀታው ላይ አታንጠልጥሉ፤ ልጁ ሲነሳ ጋሪው ወደ ኋላ ይገለበጣል።

ይህን ስንታገል ከጎረቤት አንዲት ልጅ ሮጣ መጣች፤ ብትሆን 10 ዓመቷ ነው። «ትንሿን ልዘልልዎት?» አለችኝ። አንቀልባውን አውጥተን አሳዘልናት። ወገቧን ጠበቅ፣ ትከሻዋን ላላ አድርጋ እንደ ትልቅ ሴት ተስተካከለችና ዳገቱን ወጣችው። ሁላችንም ተመቸን። የመጣን ዕለትም፣ በማግስቱም፣ በሠልስቱም ትንሿ ከእሷ ጀርባ አልወረደችም። ልጄ እንቅልፍ አገኘች፤ እኔ ከእናቴ ጋር ቡና ጠጣሁ።

በሦስተኛው ቀን 5 ሰዓት ተኩል ላይ ዓይኔ ልጅቷ ላይ አረፈ። እሹሩሩ እያለች ጓሮ ትመላለሳለች።

«ትምህርት ቤትሽስ?» አልኳት።

«የከሰዓት ነኝ» አለች። ትንሽ ቆየችና «ትናንት አልሄድኩም» አለች፤ ምንም እንዳልሆነ ነገር።

ትንሿን ከጀርባዋ አውርጄ ራሴ አዘልኩና «በይ ምሳሽን በልተሽ ሂጂ» አልኳት። እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምክንያቱም ያቺን ልጅ አውቃታለሁ። እናቴ ወንድሜን ስትወልድ እኔ 4 ዓመቴ ነበር። ከፍ ስል ጀርባዬ ላይ ወጣ፤ እሱ ሲወርድ ታናሹ ተተካ። እናቴ አንዱን አዝላ እህል ስታበራይ፣ ሌላው እኔ ላይ ነበር። በመጨረሻ ወንድሜ በ7 ዓመቱ፣ እኔ በ11 ዓመቴ፣ በአንድ ቀን አንደኛ ክፍል ገባን። አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጥን። ለልጄ «እኛ እንዲያ ነው ያደግነው» ስላት ይህን መንገሬን ረስቼው ነበር፤ እሷ ግን አልረሳችውም።

ማታ እናቴ ጥግ የቆመውን ጋሪ በእጇ ስትዳስስ አገኘኋት። ዋጋውን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «ያኔ ቢኖር አንቺም በጊዜሽ ተማሪ ቤት ትገቢ ነበር» አለች።

«እማዬ፣ አይተሽው የለም እንዴ? ይህ ጋሪ ዳገቱን መች ይወጣዋል?» አልኳት።

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለችና ሳቅ አለች። «ግን ጋሪ ቢሆን አባትሽም ይገፋው ነበር። ማዘሉን ነው ያፈረው።»

አባቴ ሥራ የማይጠላ ሰው ነበር። ኩንታል ይሸከማል። የራሱን ልጅ አዝሎ ከደጅ ሲወጣ ግን አንድም ቀን አላየሁትም፤ የሰፈሩም ወንድ እንደዚያው ነበር። ሁለት ሕፃን ያለበት ቤት ሦስተኛ ጀርባ ሲፈልግ የሚጠራው ትልቁ ሰው ሳይሆን ትልቋ ሴት ልጅ ነበረች። ባለ ሁለት መቀመጫ ጋሪያችን እሷ ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ በጀርባዋ ጀሪካን ተሸክማ ከቦኖ ስትመለስ አማቼ አያት። ጋሪውን ይዟት ወረደ፤ ሁለት ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ሞልተው፣ በሁለቱ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ቀበቶ አስረውላቸው በዋናው መንገድ መጡ። (የብዙ ጋሪ ወንበር የሚችለው 15 ኪሎ ነውና ባለ 20 ሊትሩን እንዳይጭን አስጠንቅቄው ነበር።) ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። ከመታጠፊያው ወዲህ ጀሪካኖቹን እሱ ተሸከመ፤ እሷ ባዶውን ጋሪ ገፋች። በቆየንባቸው በቀሩት ቀናት ትንሿን በየተራ አዘልናት፤ እኔ፣ ልጄ፣ የወንድሜ ሚስት። 6 ሰዓት ሳይሞላ ልጅቷ ነፃ ነበረች።

አዲስ አበባ ከተመለስን ወዲህ ጋሪው ደረጃው ሥር ያድራል። በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህ የእግረኛ መንገዱ በሰፋበት አካባቢ እሑድ እሑድ አማቼ ሁለቱን ይዞ ይወጣል። ሁለት ሰዓት ያህል ይቆያሉ። ልጄ ያን ጊዜ ትተኛለች፤ አንዳንዴም ዝም ብላ ትቀመጣለች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለልጅም ይሠራል።

ስለዚህ «የቱን ልግዛ?» ለምትሉኝ፣ በሩን ለኩ፣ ደረጃውን ቁጠሩ፣ ጎማውን ከመንገዳችሁ ጋር አስተያዩ፣ ፍሬኑን ሞክሩ። መንገዳችሁ ዳገትና ድንጋይ ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ አንቀልባ ይበልጣል። ከሁሉ በፊት ግን «የሚገፋው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ያው እናትየዋ» ከሆነ፣ ወይም «ትልቋ ልጅ አለች» ከሆነ፣ ጋሪው ገና አልተመረጠም። አባትየውን ይዛችሁት ሂዱ፤ እጀታውን ለእሱ ቁመት አስተካክሉት።