የጥርስ ሐኪሙ ቤት ድረስ ሲመጣ

በጃፓን ከአልጋው መነሳት ያቃተው አዛውንት ጥርሱን ሲያመው ሐኪሙ ራሱ መሣሪያውን ይዞ ቤቱ ይመጣል። ቤቱ ከክሊኒኩ በ16 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ከሆነ የጤና መድኑ አብዛኛውን ወጪ ይሸፍናል።

ቅንጦት ይመስላል? አይደለም። የአፍ ባክቴሪያ ከምራቅ ጋር ወደ ሳንባ ሲወርድ የሳንባ ምች ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የጃፓን ጥናት፣ በመጦሪያ ቤቶች ከምግብ በኋላ አፋቸው የሚጸዳላቸው አረጋውያን በሳንባ ምች የመያዛቸው ዕድል መቀነሱን አሳይቷል።

ወንድሞችና እህቶች! እኛ ሀገር ቤት ድረስ የሚመጣ የጥርስ ሐኪም ማግኘት ከባድ ነው። የዕለቱ ጽዳት ግን ሐኪም አይጠይቅም። አያቶቻችሁን ቀና አድርጋችሁ በለስላሳ ብሩሽ አጽዱላቸው፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላቸው ማታ አውልቁላቸው። ኺድማ ምግብ ማቅረብ ብቻ አይደለም፤ የሚበሉበትን አፍ መንከባከብም ነው።