የወደቀውን ስለ መርዳት ለእኩዮቼ ማስጠንቀቂያ

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ አብራችሁኝ ያረጃችሁ ሁሉ፤ እድሜያችን የሰጠን ሥልጣን ቀላል አይደለምና አፋችንን እንጠብቅ። ከለቅሶ ቤት ስንወጣ፣ ከቅዳሴ በኋላ ስንሰባሰብ፣ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ቤቱ በፎርክሎዥር ስለተወሰደበት ሰው ሲነሣ «ራሱ የፈረመው ዕዳ ነው፤ እኔ ለምን በታክሴ እከፍልለታለሁ?» እንላለን። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ምሳሩን ግን ሽማግሌ ሊያነሣው አይገባም።

ያለፈውን አንርሳ። እ.ኤ.አ. ከ2006 በኋላ የቤት ዋጋ ሲያሽቆለቁል በአካባቢያችን ያሉት ፕሪንስ ዊሊያምና ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች ክፉኛ ተመቱ። በዚያ ዘመን የገቢ ማስረጃ እንኳ በቅጡ ሳይጠየቅ ብድር ይሰጥ ነበር። የብዙዎቹ ብድሮች ወለድ ለሁለት ዓመት ዝቅ ብሎ ይቆይና በሦስተኛው ዓመት ይዘላል። ታክሲ እየነዳ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ያን ሁሉ ገጽ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ውል ደላላው እያጣደፈው ፈረመ። ክፍያው ሲንር ሽጬ ልውጣ ቢል ቤቱ ከዕዳው በታች ረክሶ አገኘው። በቨርጂኒያ ደግሞ ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይከስ ቤቱን በጨረታ ሊሸጥ ይችላል። በሩ ላይ ወረቀት ይለጠፋል፤ ልጆቹ በዓመቱ አጋማሽ ከትምህርት ቤታቸው ይነቀላሉ፤ ባዶው ቤት ሣር ይውጠዋል፤ ዕዳውን በሰዓቱ የከፈለው የጎረቤቱ ቤትም ዋጋው አብሮ ይወርዳል።

ጥፋተኛ አልነበረም አልልም። ለማትረፍ ሲል ሦስት አራት ቤት የገዛ፣ የሌለውን ገቢ አለኝ ብሎ የጻፈ ነበር። እሱን ከሚኖርበት ቤት ከተፈናቀለው ለይቶ ማየት ነው ፍርድ ማለት። ደግሞስ አበዳሪው? በ2008 ባንኮችን ለማዳን 700 ቢሊዮን ዶላር ተፈቀደ። በ2009 ለቤት ባለቤቶች የወጣው የእርዳታ ዕቅድ ግን ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ቤተሰብ ይታደጋል ተብሎ ከዚያ እጅግ ላነሰ ሰው ነው የደረሰው።

መርዳት ገንዘብ መበተን ነው የምትሉ፣ የ1933ቱን ተመልከቱ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ያቋቋሙት የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን አንድ ሚሊዮን ያህል ብድር ተረክቦ የመክፈያ ጊዜውን አራዘመ። ዕዳ አልሰረዘም፤ ፋታ ሰጠ። ከአምስት ተበዳሪዎች አንዱ ያህል ቤቱን ቢያጣም አብዛኛው ከፈለ፤ ድርጅቱም በ1951 ሲዘጋ ጥቂት አትርፎ ነበር። ትክክለኛው እርዳታ ይህ ነው፤ ሰውየው ይከፍላል፣ አበዳሪውም ድርሻውን ይሸከማል።

ፍርዳችን ሌላም ጉዳት አለው። የምናሳፍረው ሰው ችግሩን ይደብቃል፤ የባንኩን ደብዳቤ ሳይከፍት ያስቀምጣል። ከዚያ «ቤትህን አድንልሃለሁ፣ አስቀድመህ ክፈለኝ» የሚል አጭበርባሪ እጅ ይወድቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ አንድ ወር ክፍያ ያለፈው ሰው ስታዩ ዛሬውኑ ባንኩን እንዲያነጋግር፣ የፌዴራል መንግሥት ፈቃድ ወዳላቸው ነጻ የቤት አማካሪዎች እንዲሄድ ምከሩት፤ እንግሊዝኛው ካስቸገረው አብራችሁት ሂዱ። ዝም ብትሉ ግን ቤቱ ሲሸጥ ድርሻ እንዳላችሁበት እወቁ።