አልማዝ የሚለውን ስም ስለ መናቅ

ምራቴ ለሴት ልጇ አልማዝ የሚል ስም ለማውጣት ብታስብ ጓደኞቿ «የአሮጊት ስም ነው» ብለው ሳቁባት። እኔ ይህን ሳቅ እቃወማለሁ። በማስተምርበት ዘመን በአንድ ክፍል ሦስት አልማዞች ስለ ነበሩ በየአባታቸው ስም እጠራቸው ነበር፤ ያን ጊዜ ሁሉም ሕፃናት ነበሩ እንጂ አሮጊቶች አልነበሩም። ቃሉ በዐረብኛ በኩል የመጣ ነው፤ ሥሩም በግሪክ ቋንቋ «የማይበገር» ማለት ነው። አልማዝ አያና በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትሩን በ29 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር ስሟን አሮጌ ነው ያለ ሰው አልሰማሁም። ለሀብት መመኪያ የሚወጣውን ስም እኔም አልወድም። ነገር ግን ምራቴ የመረጠችው የእናቷን ስም ነው፤ እናቷ ዓምና ዐርፈዋል። ከሳቁትም መካከል አንዳንዶቹ ለቀብሩ መጥተው ነበር።