ጮክታና ለሆሳስ በካሴት ላይ

በ1988 (እ.ኤ.አ.) ሀርጌሳ በአውሮፕላን በተደበደበችበት ዘመን የከተማይቱ ሬዲዮ ጣቢያ ሠራተኞች በሺህ የሚቆጠሩ የሙዚቃ ካሴቶችንና ክሮችን ከመሬት በታች ቀብረው፣ ከፊሉንም ወደ ጂቡቲና ወደ ኢትዮጵያ አሽሽተው ከጥፋት አድነዋል። በሀርጌሳ የባህል ማዕከል ከተሰበሰቡት ከ10 ሺህ በላይ ካሴቶች የተመረጡ ዘፈኖች በ2017 በሸክላ ታትመው ለዓለም ተሰምተዋል።

እንዲህ ያለውን ካሴት ወደ ኮምፒዩተር የሚገለብጥ ባለሙያ አንድ ፈተና ይገጥመዋል። ዑዱ በለሆሳስ ይጀምራል፤ ከበሮው ሲገባ ድምፁ ይጮኻል። ይህን የሚደለድለው መሣሪያ ኮምፕሬሰር ይባላል፤ ጩኸቱን ይጫንና ሁሉን በአንድነት ከፍ ያደርገዋል። በጭነት መኪና ውስጥ ወይም ሕፃን በተኛበት ቤት ለሚያዳምጥ በእርግጥ ይጠቅማል። ነገር ግን ከለሆሳሱ ጋር ሽሽ የሚለው የክሩ ድምፅም አብሮ ይነሣል። ተራ ካሴት በጸጥታና በጩኸት መካከል የሚይዘው ስፋት ከ50 እስከ 60 ዴሲቤል ያህል ብቻ ነው፤ ከዚህች ላይ መቀነስ፣ በእኔ አስተያየት፣ የድሀ ቤት መዝረፍ ነው። አንዴ የተጫነውም ድምፅ ወደ ቀድሞ መልኩ በትክክል አይመለስም።

ስለዚህ በቤታችሁ ያለውን ካሴት፣ ከግዳጅ ቦታ በደብዳቤ ፋንታ የተላከውንም ጭምር፣ ስታስገለብጡ ሁለት ቅጂ ይኑራችሁ፤ አንዱ ያልተነካ፣ ሌላው ለመስሚያ የተደለደለ። ባል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለሚስቱ ብቻ የተናገረው ቃል ለጎረቤት ከላከው ሰላምታ ጋር እኩል ከጮኸ፣ ለማን እንደ ተነገረ አይለይም። ሳይጠየቅ የሚደለድል ገልባጭ አለና አስቀድማችሁ ንገሩት። ዋናውንም ካሴት አትጣሉት።