ከመጋረጃው በስተ ኋላ



በቅዳሴ ጊዜ የመቅደሱ መጋረጃ ሲጋረድ፣ ሕፃናት «እዚያ ውስጥ ምን አለ?» ብለው ወላጆቻቸውን መጠየቃቸው የተለመደ ነው። በጸሎት ሰዓት ዝም ማሰኘቱ የሚገባ ነው፤ ነገር ግን ወደ ቤት ከተመለሱም በኋላ ጥያቄው ሳይመለስ ከቀረ፣ ልጁ እያደገ ሲሄድ ከሁለት አሳቦች አንዱን ይይዛል። ወይም ከመጋረጃው በስተ ኋላ ምንም የለም ይላል፤ ወይም በዚያ ያለው አምላክ ከእኛ የሚሸሽ ይመስለዋል። ሁለቱም ከእውነት የራቁ ናቸውና በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

በዓለም ልማድ ምሥጢር የሚባለው ለአንዱ ተነግሮ ከሌላው የሚሰወር ነገር ነው፤ በታወቀበትም ቀን ምሥጢርነቱ ያበቃል። በቤተ ክርስቲያን ግን ምሥጢር ለምእመናን ሁሉ ተሰጥቶ ሳለ በማንም አእምሮ ተመርምሮ የማያልቅ ነው። ስለዚህም ለሥላሴ እንሰግዳለን እንጂ ባሕርያቸውን መርምረን ደረስንበት አንልም።

በአራተኛው መቶ ዓመት ግን አውኖምዮስና ተከታዮቹ የእግዚአብሔርን ባሕርይ ጠንቅቀን እናውቃለን ይሉ ነበር። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአንጾኪያ ቄስ ሳለ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ386 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ይህን አሳብ በተከታታይ ስብከት ተቃወመ፤ ሰው ይቅርና መላእክት እንኳ የመለኮትን ባሕርይ መርምረው እንደማይደርሱበት አስረዳ። በእነዚሁ ስብከቶች ሌሎችንም ገሥጾአል፤ እነርሱም ስብከቱን በደስታ ከሰሙ በኋላ ምሥጢሩ ሳይፈጸም የሚወጡትና በቤታችን ሆነን መጸለይ እንችላለን እያሉ የሚያመካኙት ነበሩ። እነዚያ እግዚአብሔርን አውቀን ጨረስን አሉ፤ እነዚህም ቃሉን ከሰማን ይበቃናል አሉ። በሁለቱም ዘንድ የጠፋው ከአእምሮ በላይ በሆነው አምላክ ፊት ጸንቶ መቆም ነው።

የእኛ ሥርዓት ይህን መቆም የሚያስተምረን በዓይን በሚታይ ነገር ነው። ሙሴ በኮሬብ እንደ ታዘዘ ጫማችንን አውልቀን እንገባለን። ሕንፃው ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሦስት ተከፍሎአል፤ ወደ ውስጥ በተጠጋ ቁጥር ሰው ድምፁንም እርምጃውንም ዝቅ ያደርጋል። በቤታችንም ቢሆን እንጀራ በመሶብ ተከድኖ የሚቀርበው ለእንግዳው ክብር ነው እንጂ ሊነፈገው አይደለም። የመጋረጃው ነገርም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ መሶብ በተበላ ጊዜ ወለሉ ሲታይ፣ የእግዚአብሔር ጸጋ ግን የማይጎድል መሆኑ ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር እናስተውል። ከመጋረጃው በስተ ኋላ የተከበረው ምሥጢር በዚያ አይቀርም፤ ካህኑ ቅዱስ ሥጋውን፣ ዲያቆኑም ክቡር ደሙን ይዘው ወደ ሕዝቡ ይወጣሉ። ኪሩቤል የሚሸከሙት አምላክ በቤተ ልሔም በግርግም እንደ ተኛ ሁሉ፣ ዛሬም የማይመረመረው ራሱን ምግብ አድርጎ ይሰጣል። እንዲህ ሲሆን ሕፃናቱ ሲቆርቡ፣ ብዙ ጎልማሶች ግን «እኔ አልበቃሁም» እያሉ ዓመት በዓመት ከሩቅ ቆመው ይመለሳሉ። አለመብቃትን ማወቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ፈርቶ መቅረብ ሌላ ነው፤ ፈርቶ መቅረት ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሰውን ወደ ንስሐ አባቱ ይወስደዋል፤ ሁለተኛው ግን ትሕትና መስሎ ከማዕዱ ያርቀዋል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ በጠየቀ ጊዜ እንዲህ ብትመልሱለት ይበቃል፤ «በዚያ ያለው ጌታችን ነው፤ መርምረን አንደርስበትም፤ እርሱ ግን ወደ እኛ ይመጣል።» ልጁም በሌላ ጊዜ ዞሮ «እናንተስ ስለ ምን አትቀርቡም?» ቢላችሁ፣ መልሱ በቃል ሳይሆን በእግር ይሁን።

እግዚአብሔር አምላክ በፍርሃትና በፍቅር ለመቅረብ ያብቃን። አሜን።