የባሕር ዓሣን ለቤት ስንመርጥ

ከባሕር ርቆ የሚኖር አንድ ሰው በመስተዋት ገንዳ ጨዋማ ውሃ አዘጋጅቶ የባሕር ዓሦችን በቤቱ ለማኖር ቢነሣ፣ በመጀመሪያ የሚማርከው የዓሦቹ ቀለም ነው። ቢጫው፣ ሰማያዊውና ዝንጉርጉሩ በሻጩ ዘንድ ወዲያና ወዲህ ሲዋኙ ባየ ጊዜ ልቡ ሁሉንም ይመኛል። የአንዱን ጠባይ ከሌላው ሳይለይ ገዝቶ ይመለሳል። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ግን አንዱ ተነክሶ፣ ሌላው በረኃብ መንምኖ፣ የቀረውም በተበላሸ ውሃ ተመርዞ ይሞትበታል። አባቶች «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ያሉት ለትዳር ብቻ አይደለም። በእኔ አስተያየት የባሕር ዓሣ የሚያሳድግ ሰው ከመልክ አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መመርመር ይገባዋል፤ እነርሱም የዓሣው ጽናትና ከሌሎች ጋር ተስማምቶ የመኖር ጠባዩ ናቸው።

ጽናት የሚያስፈልገው ስለ ምንድን ነው? ባሕር እጅግ ሰፊ በመሆኑ ሙቀቱና የጨው መጠኑ በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ አይለዋወጥም። 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ግን ከባሕር ጋር ሲነጻጸር እንደ ጠብታ ነው። ውሃው በተነነ ቁጥር፣ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል መሆን የሚገባው ጨው እየበረታ ይሄዳል። ከዓሦቹ ሰውነት የሚወጣውና ከትርፍራፊ ምግብ የሚመነጨው አሞኒያም መርዝ ነው። ይህን መርዝ ደረጃ በደረጃ ጉዳቱ ወደ ቀለለ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ በበቂ መጠን እስኪባዙ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ ይህን ጊዜ መታገሥ የማይችል ሰው ዓሣ ባይገዛ ይሻለዋል።

ገንዳው ከተሰናዳም በኋላ ሁሉም ዓሣ አይለምደውም። በብርቱካናማ ገላው ላይ ነጭ መቀነት የታጠቀው ክላውን ዓሣ የደረቀ ምግብ ሳይቀር ይበላል፤ በሚገባ ከተያዘም ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። በአንጻሩ ማንዳሪን የተባለው ዓሣ በውበቱ እጅግ የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ ቀኑን ሙሉ እየለቀመ የሚመገበው ጥቃቅን ሕያዋን ፍጥረታትን ስለሆነ በአዲስ ገንዳ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በረኃብ ያልቃል። በቀይ ባሕር ከሚኖሩት ቢራቢሮ ዓሦች መካከልም ከኮራል በቀር ሌላ የማይመገቡ አሉ።

ይሁን እንጂ ጽናት ብቻውን በቂ አይደለም። ዳምሰል የሚባለው ትንሽ ዓሣ ዋጋው ርካሽ፣ ጤናውም ብርቱ በመሆኑ ብዙ ጀማሪዎች ይመርጡታል። ነገር ግን አንዱን ማዕዘን ርስቴ ብሎ ከያዘ በኋላ ዘግይቶ የመጣውን ሁሉ እያሳደደ ይነክሳል። በባሕር ውስጥ የተባረረ ዓሣ ይሸሻል፤ በገንዳ ውስጥ ግን መሸሻ የለውም። አንበሳ ዓሣም እንዲሁ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም በአፉ የሚገባለትን ዓሣ ይውጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው «ፋይንዲንግ ኒሞ» በተባለው ፊልም ልጆች የወደዱት ሰማያዊው ታንግ ደግሞ ሲያድግ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚረዝም ትንሽ ገንዳ እስር ቤቱ ይሆናል። ስለዚህ ገዢው ስለ እያንዳንዱ ዓሣ ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቅ፦ ምን ይበላል? ምን ያህል ያድጋል? ከማን ጋር ይጣላል? ከዚያም ገሮቹን አስቀድሞ፣ ቁጡዎቹን አዘግይቶ፣ በመካከሉ ጥቂት ሳምንታት እየቆየ ያስገባ።

«ገንዘቡ የራሴ ነው፤ ቢሞት ሌላ እገዛለሁ» የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። እነዚህ ሰዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። ለሽያጭ ከሚቀርቡት የባሕር ዓሦች ብዙዎቹ በሰው እጅ የተራቡ ሳይሆኑ ከባሕር የተጠመዱ ናቸው። በፊሊፒንስ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዳንድ አጥማጆች ሲያናይድ የተባለውን መርዝ በኮራል ቋጥኞች መካከል እየረጩ ዓሣ ያደነዝዙ ነበር፤ መርዙም ኮራሉን ጭምር ይገድላል። በኢንዶኔዥያ ባንጋይ ደሴቶች የሚገኘው ካርዲናል ዓሣ ለገንዳ ሲባል በብዛት በመጠመዱ እ.ኤ.አ. በ2007 የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው ዝርያዎች ጋር ተመዝግቧል። እንግዲህ የሞተውን በሌላ የሚተካ ሰው ከኪሱ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ከባሕርም ሕይወት ያባክናል። ደግነቱ ክላውን ዓሣም ሆነ ይኸው ካርዲናል ዓሣ በሰው እጅ ተራብተው ይገኛሉ፤ ለገንዳ ኑሮም ይበልጥ የለመዱ ናቸው። ጀማሪ እነዚህን ቢያስቀድም ራሱንም ባሕሩንም ይጠቅማል።

በአጠቃላይ ዓሣ ገንዳውንም ሆነ ጎረቤቱን አይመርጥም፤ የሚመርጥለት ሰው ነው። ለሌላው የሚመርጥ ሰው ደግሞ ዐይኑን ደስ ከሚያሰኘው ይልቅ የሚመረጥለትን ፍጥረት በሕይወት የሚያኖረውን ማስቀደም ግዴታው ነው። ሦስት ተስማሚና ጤነኛ ዓሦች የሚዋኙበት ገንዳ፣ ዐሥር የሚያማምሩ ዓሦች ከሚያልቁበት ገንዳ እጅግ ይበልጣል።