ችግኝ በጭፈራ አይጸድቅም!



ሂስ ከራስ ይጀምራልና ዛሬ ሂሳችንን የምንሰነዝረው በራሳችን በማኅበሩ አባላት ላይ ነው። ባለፈው ክረምት ችግኝ ልንተክል ወንዝ ዳር ስንወርድ፣ ከችግኙ ቀድሞ የደረሰው ምን ነበር? ድምፅ ማጉያ! ጄኔሬተሩ እየጮኸ ስንጨፍር ዋልን። ዛፉ ላይ የነበሩት ዋኔዎች ገና በመጀመሪያው ዘፈን ብርር ብለው ጠፉ። በጋው ሲመጣ ውሃ ይዞ የወረደ ማን ነው? ማንም! እኛም አልወረድንም። ችግኙ ደረቀ፤ የማጉያው ኪራይ ግን እስከ ሳንቲሟ ተከፍሏል።

«ያለ ሙዚቃ ወጣቱ አይመጣም» የሚሉን አሉ። ኧረ እኛ የሙዚቃ ጠላቶች አይደለንም! ከበሮው የሚፈለፈለው ከዋንዛ ግንድ፣ ዋሽንቱ የሚበጀው ከሸምበቆ፣ የክራሩና የበገናው ምሰሶ ከእንጨት መሆኑን የማያውቅ አለ ወይ? ታዲያ ዋንዛውን የጨረሰ ሕዝብ ከበሮውን ከየት ሊያመጣ ነው?

ደግሞም ዐይን የሳተውን ጆሮ ያገኘዋል። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ የሴራ ኔቫዳ ተራሮች ሊንከን ሜዶው የሚባል ቦታ አለ። በርኒ ክራውዝ የተባለ ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. በ1988 በዚያ የወፎቹን የንጋት ዝማሬ ቀዳ። ከዚያም እንጨት ቆራጮች «እየመረጥን ብንቆርጥ ጉዳት የለውም» ብለው ገቡ። በዓመቱ በ1989 ሰውየው ተመልሶ ቀዳ። በፎቶግራፍ ሲታይ ደኑ ያው ደን ነው። ቅጂው ሲሰማ ግን ያ ሁሉ ዝማሬ ጠፍቶ የጅረቱ ድምፅና የግንደ ቆርቁር ኳኳታ ቀርቷል። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ2014 ከእንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ከሪቻርድ ብላክፎርድ ጋር ሆኖ የዱር እንስሳትን ድምፅ ከኦርኬስትራ ጋር ያዋሐደ ሲምፎኒ ለሕዝብ አቅርቧል። እነሱ ደኑን አዳምጠው ሙዚቃ ሠሩ፤ እኛ በሙዚቃ ደኑን አባረርን።

በመሆኑም የሚከተለውን እንጠይቃለን፦

1ኛ/ በዘንድሮው ተከላ ድምፅ ማጉያ አይከራይ። ገንዘቡ ለበጋ ውሃ ማጠጫና ለጥበቃ ይዋል።

2ኛ/ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማለዳ ላይ ሩብ ሰዓት ዝም ብለን እናዳምጥ። ልጆቻችን በስልካቸው ይቅዱት። በየዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ሰዓት ይደገም። ወፍ መጨመሩንና መቀነሱን ቅጂው ይናገራል፤ «ይህን ያህል ሺህ ተከልን» ከሚል ሪፖርት እሱ ይታመናል።

3ኛ/ የምንተክለው ዋንዛ፣ ወይራ፣ ጥድና ኮሶ ይሁን። ባሕር ዛፉ ይብቃን።

ከሥራ በኋላ ማሲንቆ ያለው ማሲንቆውን፣ ክራር ያለው ክራሩን ይዞ ይምጣ፤ ያኔ አብረን እናዜማለን። በበጋው ደግሞ ጄሪካን ያለው ጄሪካኑን ይዞ ይውረድ። ያን ጊዜ የሚቀር ሰው በክረምት ስለ ጨፈረ ብቻ «ዛፍ ተክያለሁ» አይበለን!

ከማስታወቂያ ሰሌዳው አዘጋጆች